የዓይን ኢንሹራንስ፦ ዓይን ይጠብቃል ወይስ መነጽር ይገዛል?

ጥቅምት ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ለሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ይደርሰዋል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ኢንሹራንስ ምረጥ የሚል። ኦፕን ኢንሮልመንት ይሉታል። ቀነ ገደብ አለው፣ ሊንክ አለው፣ ሊንኩ ሲከፈት ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሠንጠረዥ ይመጣል። ስለ ጤና ኢንሹራንሱ ሰው ይጨነቃል፤ ባልና ሚስት ይመካከራሉ፣ ቀደም ብሎ ለመጣ ዘመድ ይደወላል። የጥርሱም ቢሆን ያነጋግራል፤ አንዴ ጥርሱን የታከመ ሁሉ ዋጋውን ያውቃልና። ከሠንጠረዡ ግርጌ ያለችው «ቪዥን» የምትል መስመር ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ይቆማል። ከየቼኩ የምትቆረጠው ሦስት ወይም አምስት ዶላር ናት። አንዱ «ዓይን እኮ ነው!» ብሎ ምልክት ያደርግባታል። ሌላው «እኔ ደህና አያለሁ» ብሎ ያልፋታል። በዚያው አለቀ።

በዚህች ትንሽ መስመር ላይ ይህን ያህል ማውራት ምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መስመሯ የምትሰጠው ነገርና ሰው ከእሷ የሚጠብቀው ነገር ስለማይገናኙ ነው። የገዛው ሰው ዓይኑ ከክፉ ነገር የተጠበቀ ይመስለዋል። ያልገዛው ደግሞ ዓይኑን ለሐኪም የሚያሳይበት መንገድ የተዘጋበት ይመስለውና ለዓመታት ሳይታይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል።

እድር ወይስ እቁብ

እድር ያለው ሰው ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ መከራው የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው፣ የተዋጣውም ለደረሰበት ሰው ይውላል። «ያዋጣሁትን ልውሰድ» ብሎ የሚሟገት የእድር አባል የለም፤ መውሰድ ማለት ለቅሶ መቀመጥ ማለት ነውና። የጤና ኢንሹራንስም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው። ቤት የሚያስሸጥ ሕክምና ላጋጠመው አንድ ሰው ሲባል ጤነኛው ሁሉ ይከፍላል።

የዓይኑ ዕቅድ ግን ወደ እቁብ ይጠጋል። የሚሰጠው ነገር ከነመጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ በዓመት አንድ የመነጽር ምርመራ፤ ለፍሬም የተቆረጠ ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ130 እስከ 200 ዶላር፤ ተራ ሌንስ ከትንሽ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪስ ከሚከፈል ድርሻ ጋር። መነጽር የማይፈልግ ሰው በዚያ ፈንታ ለኮንታክት ሌንስ የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል። ፍሬሙን በየዓመቱ የሚሰጥ ዕቅድም አለ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚሰጥም አለ። ቢበዛ ስንት ዶላር እንደሚገኝ ገና ሳይገዛ ይታወቃል። ቢከፋ ስንት እንደሚጠፋም እንዲሁ። እቁብ ግን ዕጣው በደረሰ ጊዜ ያስገቡትን ያህል ይመልሳል። የዓይኑ ዕቅድ የሚመልሰው ሄዶ ለተቀበለው ብቻ ነው። ዓመቱ ሳይሄዱበት ካለቀ ገንዘቡ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል።

በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሲጠየቁ፣ ነገሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ቅናሽ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ሳይደብቁ የሚናገሩ አሉ። ነገር ግን ማንም አይጠይቃቸውም። እነሱም ቢሆኑ ኅዳር ውስጥ በቀን ሃምሳ ሰው ስለ ጤና ኢንሹራንስ ሲያፋጥጣቸው ስለ ሦስት ዶላር ገለጻ ለማድረግ ጊዜ የላቸውም።

> ዓይንን ከሚያጠፉት በሽታዎች አንዱም ሕክምናው የሚከፈለው ከዚህች መስመር አይደለም።

ወንበሩ ላይ

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል፣ ቅዳሜ ረፋድ። በመነጽር ቤቱ ጓዳ ያለችው ጠባብ የምርመራ ክፍል ባዶ አትሆንም። ወንበሩ ላይ ነጠላ የደረቡ እናት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ ብዙ ሌንስ የተሰካበትን መሣሪያ ፊታቸው ላይ ገጥሞ አንዱን ሌንስ በሌላው ይለውጣል። የመጀመሪያው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው? ልጅቱ ትተረጉማለች። እናትየው ትንሽ ያስቡና «ኧረ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እግዜር ይስጠው» ይላሉ። ልጅቱ ሳቋን ትውጣለች። «እማዬ፣ የሚሻልሽን ንገሪኝ ነው የሚለው።» እሳቸው ሰውየውን እንዳያስቀይሙት ነው የተጨነቁት።

የላቲን ፊደል ለማያነብ ሰው ሌላ ሰሌዳ አለ፤ ባለ ሦስት ጥርስ አንድ ምልክት ብቻ አፉን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች አዙሮ የተደረደረበት። እሱ ሲመጣ እናትየው ዘና ይላሉ። ሦስት ጣታቸውን ዘርግተው አቅጣጫውን እያሳዩ ረድፍ በረድፍ ይወርዳሉ። ትንሿ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ጣቶቹ አየር ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በታች አይታያቸውም።

እስከዚህ ያለው ለመነጽሩ ነው፤ ለዓይኑ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ይመጣል። አገጭ ማሳረፊያው ላይ ተደርጎ ዓይን ላይ እፍ የሚል አየር ይለቀቃል፤ እሱ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይለካል። ከዚያ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ይንጠባጠባል፤ ብሌኑ ሲሰፋ ሐኪሙ የዓይንን ጀርባ፣ ሬቲናውንና ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ወለል አድርጎ ያያል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ያስጠላል፣ የቅርብ ጽሑፍ ያደበዝዛል። ስለዚህ «መኪና ልነዳ ነው»፣ «ሥራ ልገባ ነው» እያለ የሚዘለው ብዙ ነው። በምትኩ የዓይንን ጀርባ ፎቶ የሚያነሣ ማሽን የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ምቹ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ዕቅዱ የማይከፍለው ተጨማሪ ሂሳብ አለው፣ ጠብታውንም ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ከጠቅላላው ጥቅል ውስጥ ገንዘብ የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ግላኮማን እንውሰድ። የተለመደው ዓይነት አያምም። ከዳር ጀምሮ እይታን ቀስ እያለ ይበላል፤ መሐሉ ስለሚያይ ሰውየው የሚነቃው ብዙው ከሄደ በኋላ ነው፣ የሄደውም አይመለስም። ዘራቸው ከአፍሪካ በሆነ ሰዎች ላይ ቀደም ብሎና በርክቶ እንደሚመጣ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው እንኳ 40 ዓመት ሲሞላው አንድ ሙሉ ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ በቤተሰቡም የዓይን በሽታ የነበረ ሰው 40ን አይጠብቅም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የራሱ ችግር አለበት። «አያቴ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው፤ ያ ዓይን በሞራ ግርዶሽ ይጥፋ፣ በግላኮማ ይጥፋ፣ በትራኮማ ይጥፋ ማንም አላጣራም። የሞራ ግርዶሽ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይመለስ ነበር። ግላኮማ ከሆነ ደግሞ የልጅ ልጆቹ ማወቅ ነበረባቸው።

> ሐኪሙ «በቤተሰብ ግላኮማ አለ?» ሲል የሚመለስለት «የለም»፣ ብዙ ጊዜ «አናውቅም» ማለት ነው።

አንድ ወንበር፣ ሁለት ሂሳብ

ያው ሐኪም፣ ያው ወንበር፣ ያው መሣሪያ ሆኖ ሂሳቡ ወደ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሊሄድ ይችላል። የሚለየው ሰውየው የመጣበት ጉዳይ ነው። «መነጽሬን ልቀይር» ብሎ ከመጣ ወጪው ወደ ዓይኑ ዕቅድ ይላካል። «ዓይኔ ቀልቶ አላስተኛ አለኝ»፣ «ብልጭ ብልጭ ይልብኛል»፣ «ስኳር ስላለብኝ ዓይንህን ታይ ተብዬ ነው» ካለ ግን ሕመምተኛ ነው፤ ወጪው የጤና ኢንሹራንሱ ነው። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምናም፣ የግላኮማ ጠብታም፣ የተቀደደ ሬቲናም፣ ሥራ ቦታ ዓይን ውስጥ የገባ ስብርባሪም እንዲሁ ከዓይኑ ዕቅድ ውጭ ናቸው። ይህ ማለት ግን በነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ዲዳክተብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሱ የሚሸፍነው መጠን፣ ያልሞላለት ሰው ከኪሱ ያወጣል።

እንግዲህ «ዓይኔ ቢታመምስ» ብሎ ቪዥን የሚገዛ ሰው የገዛው ያንን አይደለም። በተቃራኒው «ቪዥን የለኝም» ብሎ ሕመሙን ችሎ የሚቀመጥ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ካርድ ረስቶታል። በአንድ ዓይን ድንገት የመጣ ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ የሚንሳፈፉ ጥቋቁር ነጥቦች፣ ወይም እንደ መጋረጃ የወረደ ጥላ በዚያው ቀን ሐኪም የሚያሻው ነገር ነው። የሚታየውም በጤና ኢንሹራንሱ ነው።

ልጆቻቸው ያመጧቸው ወላጆች ጉዳይ ደግሞ አለ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላቸው አባትና እናቶች ካርዱ ሁሉን የሚሸፍን ይመስላቸዋል። ዋናው ሜዲኬር ለመነጽር የሚደረግን ተራ ምርመራም ሆነ መነጽሩን አይከፍልም። ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻ አንድ መነጽር ላይ ይረዳል። ስኳር ላለባቸው በዓመት አንድ የዓይን ምርመራ፣ ለግላኮማ ለተጋለጡትም በዓመት አንድ የግላኮማ ምርመራ በፓርት ቢ በኩል ይሸፍናል፤ ከተጋለጡት መካከልም ዕድሜያቸው 50 የሞላ አፍሪካ አሜሪካውያንን በስም ጠቅሶ ይቆጥራል። ይህን መብቴ ነው ብሎ የሚጠይቅ የእኛ ሽማግሌ እምብዛም አይታይም፤ ልጆቹም ስለማያውቁ አያስጠይቁለትም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት የግል ዕቅዶች መነጽርም አብረው ያቀርባሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ቡና እየቀዱ የሚሸጧቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሡትም መነጽሩን ነው። የሐኪሞቹን ዝርዝር ግን መጨረሻ ላይ ያነሡታል።

ግድግዳው

ከምርመራ ክፍሉ ሲወጡ ዓለሙ ይለወጣል። ነጭ መብራት፣ መስታወት፣ ከላይ እስከ ታች ፍሬም የተደረደረበት ግድግዳ። ሻጯ የአገር ልጅ ናት፤ በዚህ ሥራ ቆይታለች። የደንበኛውን ስም ኮምፒውተር ላይ አስገብታ «ለፍሬም መቶ ሃምሳ ዶላር አለህ» ትለዋለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰውየው ወጪ ሊያወጣ ሳይሆን ያለውን ሊወስድ የመጣ ሰው ነው። እጁ ወደ ላይኛው ረድፍ ይሄዳል። በመቶ ሃምሳው የሚያልቁት ፍሬሞች ጥግ ላይ ናቸው። የዋጋዋ ወረቀት እጀታው ላይ በጥቃቅን ቁጥር ተለጥፋለች፤ አዲሱን ፍሬም ለመሞከር የራሱን መነጽር ያወለቀ ሰው ሊያነባት አይችልም።

ከፍሬሙ በኋላ ሌንሱ ይመጣል። ብርሃን የማያንጸባርቅ ይሁን? ቀጭኑ ይሁን? ፀሐይ ላይ የሚጠቁረውስ? እያንዳንዱ ጥያቄ ሠላሳም ስድሳም ዶላር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅሙ አሉ። የማያንጸባርቀው ቅብ በሌሊት ለሚነዳ ሰው ዋጋ አለው። በቀላሉ የማይሰበረው ፖሊካርቦኔት ለሚሯሯጥ ልጅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ቀጭኑን ሌንስ ካልጨመረ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ይከብደዋል። የኮምፒውተርን ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለውን ግን ያው የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ አስፈላጊ ነው ብሎ አይመክርም።

እስቲ ቁጥር እናስላ፤ ምሳሌ ነው፣ ከገበያው ግን አይርቅም። በወር 10 ዶላር የሚቆረጥበት ብቸኛ ሰው በዓመት 120 ከፈለ። ለምርመራው 10፣ ለሌንሱ 25 ኮፔይ አለበት። የ280 ዶላር ፍሬም መረጠ፤ ከ150 በላይ የሆነው 130 ዶላር 20 በመቶ ተቀንሶለት 104 መጣ። ቅቡን በ70 ጨመረ። ድምሩ 329 ዶላር። ሻጯ ያለ ዕቅድ ቢሆን 650 ይመጣ እንደነበር ደረሰኙ ላይ ታሳየዋለች። ግማሹን አትርፌ ወጣሁ ይላል።

ጎረቤቱ ዕቅድ የለውም። በአንዱ ትልቅ መደብር ውስጥ ያለ የዓይን ባለሙያ ጋ በ90 ዶላር ታየ፤ ማዘዣውን ተቀብሎ መነጽሩን ዋርቢ ፓርከር ከተባለው ኩባንያ በኢንተርኔት በ95 ዶላር አሠራ፤ ቅቡ ዋጋው ውስጥ ነው። 185 ዶላር። ሰሌዳው ፊት ቢቆሙ ሁለቱም እኩል ያነባሉ።

ሻጯ ይህን ስትሰማ የምትለው አላት፣ ልክም ናት። ፕሮግሬሲቭ የሚባለውን ሩቅም ቅርብም የሚያሳይ ሌንስ በኢንተርኔት አሠርተው ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው የሚስትባቸውን ሰዎች በየሳምንቱ ታያለች። የሌንሱ ቦታ ከብሌኑ ጋር በሚሊሜትር ካልገጠመ አይሠራም፤ ያንን የሚለካው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነው። እጀታው ሲጣመምም ሰዉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተገዛውንም ታቃናለታለች፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ።

ሻጩም ከፋዩም

ያ 650 ዶላር ከየት መጣ? ለዚህ ወደ ሰሜን ጣልያን ተራሮች መሄድ ያስፈልጋል። ሊዮናርዶ ዴል ቬኪዮ ሚላኖ ውስጥ በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ያደገ፣ በልጅነቱ የብረት ቅርጽ ሥራ የተማረ ሰው ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. አጎርዶ በምትባል ትንሽ ከተማ የመነጽር ክፍሎች የሚሠራ ፋብሪካ ከፍቶ ሉክሶቲካ አለው። መጀመሪያ የሚሠራው ለሌሎች ነበር። ከዚያ ሙሉ መነጽር መሥራት ጀመረ፤ ቀጥሎ መነጽር ሻጮቹን መግዛት ያዘ። በ1995 ሌንስክራፍተርስ የሚባሉትን የአሜሪካ ሱቆች፣ በ1999 ሬይባንን፣ በ2007 ኦክሊን ጠቀለለ። በ2018 ኩባንያው ከፈረንሳዩ የሌንስ አምራች ከኤሲሎር ጋር ተዋሐደ። ዴል ቬኪዮ በ2022 ሲሞት በጣልያን ከቀደምቶቹ ባለጸጎች አንዱ ነበር።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠንጠረዥ ላይ የሚገኘው አይሜድ የተባለው የዓይን ዕቅድም የዚሁ ኩባንያ ነው። ፍሬሙን የሚሠራው፣ ሌንሱን የሚቀርጸው፣ ሱቁን የሚያስተዳድረውና ከቼክ የሚቆረጠውን የሚሰበስበው አንድ ቤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዋናው ተፎካካሪው ቪኤስፒ በ1955 በካሊፎርኒያ የዓይን ባለሙያዎች ለትርፍ ሳይሆን የመሠረቱት ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ ማርሾን የተባለ ፍሬም አምራችና ቪዥንወርክስ የተባሉ ሱቆች አሉት።

ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚታወቅ ነው። ሰው የትኛውን ዕቅድ እንደያዘ እንኳ ሳያውቅ ደረሰኙ ላይ ባለው ትርፍ መደሰቱ ግን ይገርመኛል። ብዙ ዕቅዶች ከዝርዝራቸው ውጭ ወዳለ ሐኪም ወይም ሱቅ ለሄደ ሰው የሚመልሱት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዕቅዱን የያዘ ሰው ርካሹን ሱቅ ሳይሆን ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሱቅ ይፈልጋል።

> ቅናሹን የሚሰጠውም፣ ቅናሹ የሚለካበትን ዋጋ የሚተምነውም አንድ እጅ ሊሆን ይችላል።

ማዘዣውን ይዞ መውጣት

አሜሪካ ውስጥ የዓይን ባለሙያ ምርመራውን እንደጨረሰ ማዘዣውን ለታካሚው መስጠት ግዴታው ነው። ታካሚው ባይጠይቅም፣ መነጽሩን እዚያ ባይገዛም፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን የደነገገው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት ማዘዣውን ይዘው «መነጽሩን ከኛ ካልገዛህ» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ደንቡ በ2024 ተጠናክሮ ታካሚው ማዘዣውን መቀበሉን በፊርማ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ተጨመረበት። ሰዉ ይህን ባለማወቁ ነው ከምርመራው ወንበር ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው የሚወሰደው።

አንድ ነገር ግን ከማዘዣው ላይ ይጎድላል። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ካልታወቀ በኢንተርኔት መነጽር ማሠራት አይቻልም፤ የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ ባለሙያው እሱን እንዲጽፍ አያስገድድም። አንዳንዱ ቤት ሲጠየቅ በደስታ ይጽፋል፤ አንዳንዱ «ያ የሚለካው እዚህ ለሚገዛ ነው» ይላል። ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ መጠየቅ ይሻላል።

ክረምት ላይ አገር ቤት የሚሄዱ ሰዎች ማዘዣቸውን ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት መነጽር አሠርተው ይመለሳሉ። ለተራ ሌንስ መጥፎ አይደለም። በተቃራኒው ከዚህ ወደዚያ በሻንጣ የሚሄደው የንባብ መነጽር ለአክስትና ለአጎት ነው፤ ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር ይገዛል። በአርባዎቹ መጨረሻ መርፌ መሰካት ላቃተው ሰው ይበቃዋል። አክስት የማይታያቸው ሞራ ስላለባቸው ከሆነ ግን የትኛውም መነጽር አይረዳቸውም፤ ለእሳቸው ቢላክ የሚሻለው የምርመራው ገንዘብ ነው።

ለማን ያዋጣል

መሥሪያ ቤቱ ሙሉ ክፍያውን የሚሸፍንለት ሰው አያመንታ፤ ይውሰድ። በየዓመቱ ኮንታክት ሌንስ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ያወጣበታል፤ ለእሱ ምርመራው ራሱ ተጨማሪ የመለካት ክፍያ ስላለው። ፕሮግሬሲቭ የሚያደርግና ከአንድ ሱቅ ጋር የተላመደ ሰው፣ አራት መነጽር ለባሽ ያለበት ቤተሰብም እንደዚሁ።

ልጆች ያሉት ሰው ግን መጀመሪያ የጤና ኢንሹራንሱን ይይ። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ በግልና በአነስተኛ ድርጅቶች በኩል በሚገዙ ዕቅዶች ውስጥ እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የዓይን ምርመራና መነጽር እንዲካተት አድርጓል። ሜዲኬይድ ላይ ያሉ ልጆችም ያገኛሉ። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በዚህ አይገደዱም፤ ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ወላጅ ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ወላጆች አሉ።

የግል ሥራ የሚሠሩት፣ በተለይ ታክሲና ኡበር የሚነዱት፣ ነገሩ ይጠናባቸዋል። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ላይ ለአዋቂ ሰው ለብቻው የሚሸጥ የዓይን ዕቅድ የለም፤ ከኩባንያው በቀጥታ መግዛት፣ ብዙውን ጊዜም ለአንድ ዓመት መታሰር ያስፈልጋል። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች መካከል የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፦ በሌሊት ከፊት የሚመጣ መብራት እየበተነ ያስቸግራል፣ ዝናብ ሲሆን ይብሳል፣ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ፊደሉ እንደምንም ይነበባል። እነዚህ ሰዎች የዓይን ዕቅድ የላቸውም፤ በዚህም ምክንያት «ዓይን መታየት ውድ ነው» ብለው ደምድመዋል። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ዕቅዱን ትቼ ከመቶ ዶላር ባልበዛ ምርመራውን ብቻ ከኪሴ እከፍላለሁ። የሚበተነው መብራት መነጽር የሚያስተካክለው ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሞራ ግርዶሽ መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። በመነጽር ቤቱ ግድግዳ ፊት ቆሞ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ደመወዝተኛ የሆነ፣ ደህና የሚያይና ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ብቸኛ ሰውም ዕቅዱን ቢዘለው ብዙ አይጎዳም። ኤፍ ኤስ ኤ ወይም ኤች ኤስ ኤ የሚባለው ከታክስ በፊት የሚቀመጥ ገንዘብ ካለው ምርመራውንም መነጽሩንም ከዚያ ላይ መክፈል ይችላል። ኤፍ ኤስ ኤው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ያልተነካው አብዛኛው ስለሚጠፋ በልኩ ነው የሚቀመጥ። ከቼክ ላይ ከታክስ በፊት የሚቆረጠውን ቪዥን አንዴ የመረጠ ሰው ደግሞ ካላገባ፣ ካልወለደ፣ ወይም እንደዚያ ያለ ለውጥ ካልመጣ በስተቀር መሐል ላይ ልውጣ ማለት አይችልም። የተወውም መሐል ላይ ልግባ ቢል እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይጠብቃል።

ዓመቱን ሙሉ ከፍለው ያልተጠቀሙት ሰዎች ታኅሣሥ ላይ መነጽር ቤቶቹን ያጨናንቃሉ። ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ከምስጋና ቀን በፊት መደወል ነው የሚያዋጣው። ሲደወልም የሚጠየቀው ዕቅዱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል ወይስ ካለፈው ምርመራ 12 ወር ይቆጥራል የሚለው ነው፤ ባለፈው መጋቢት የታየ ሰው በሁለተኛው ዓይነት ዕቅድ ታኅሣሥ ላይ ቢሮጥ ምንም አያገኝም። ምርመራው በየዓመቱ፣ ፍሬሙ በየሁለት ዓመቱ የሆነበት ዕቅድ ስላለም ዘንድሮ ፍሬም እንደማይደርሰው ሲነገረው ቀጠሮውን የሚሰርዝ ሰው አለ። ያ ሰው ቀጠሮውን ባይሰርዝ፣ አሮጌ መነጽሩን እንዳደረገ ሄዶ ጠብታውን አስደርጎ ቢመለስ ይሻለው ነበር። ሲመለስ የሚነዳለት ሰው ግን ይዞ ይሂድ።